የጀልባ ሞተር እግር ውስጥ ውሃ ሲገባ፦ ሁለቴ ፈትቼ ያገኘሁት

ባህር ዳር ነው የምሰራው፣ ጣና ላይ። ሰው ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ፣ አንዳንዴ ደሞ እስከ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ድረስ እሄዳለሁ። ሞተሬ ያማሃ ኢንዱሮ 40 ነው፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎለት የሚሰራው ቱ ስትሮክ። ከሌላ ባለ ጀልባ ነው የገዛሁት፣ ስንት አመት እንደሰራ ሻጩም በትክክል አያውቅም ነበር። የላይኛው ክፍል እስካሁን አላስቸገረኝም። ያንከራተተኝ ከታች ውሃ ውስጥ የሚገባው ነው፣ እግሩ፣ ካታሎግ ላይ ሎወር ዩኒት የሚሉት። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ፈታሁት። የመጀመሪያው ጥገና ለምን እንዳልያዘና ሁለተኛው ለምን እንደያዘ ነው መጻፍ የፈለግኩት፣ ምክንያቱም እዚህ ሀይቅ ላይ ስንቱ በዚሁ ነገር ማርሹ ተበልቶ ሞተሩን በብረት ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ።

ነገሩ የታየኝ ጠዋት ነው። ጀልባዋ ከታሰረችበት ቦታ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ዘይት ተንሳፍፏል። መጀመሪያ ከቤንዚን ቱቦው የሚንጠባጠብ መሰለኝና ቱቦውን አጠባበቅኩት፣ በማግስቱም ያው ነው። እስቲ የማርሽ ዘይቱን ልየው ብዬ ከታች ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ስፈታ የወጣው ማኪያቶ ነው፣ ወተት የበዛበት ማኪያቶ። ዘይቱ እንደዛ ከነጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ጠቆር ማለቱ ብቻ ግን አያስደነግጥ፣ የሰራ ዘይት ይጠቁራል። ለጀማሪ የምለው ነገር ቢኖር ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደር፣ ጠዋት ሳታስነሱት የታችኛውን ብሎን ትንሽ ብቻ ላላ አድርጉት፣ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ውሃ ካለ ቀድሞ ጠብ ጠብ ሲል ታዩታላችሁ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፣ በየሳምንቱ ቢደረግ ስንት ሺህ ብር ያድን ነበር።

ከዘይቱ ጋር የሚወጣውን ብረትም እዩ። ማፍሰሻ ብሎኑ ላይ ማግኔት ካለው ጫፉ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ጥቁር ነገር ይለጠፋል፣ እሱ የተለመደ ነው፣ ማርሽ ከማርሽ ሲፋተግ የሚወጣ ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረጥም፣ እንደ ሩዝ ስባሪ ያለ ብረት ከሆነ ግን ማርሽ ወይ ኩሽኔታ ተሰብሯል፣ እዛው ላይ ስራ ማቆም ነው። የኔ የላመው አይነት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ውሃው እንዴት ገባ? ፕሮፔለሩን ስፈታው ተገኘ። ፒኑን አውጥቼ ዳዶውን ፈትቼ ፕሮፔለሩን ስስበው ከኋላው ዘንጉ ላይ የናይለን መረብ ክር እንደ ድር ተጠምጥሞ፣ ግማሹ በሙቀት ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ቀለበት ሆኗል። ይሄ ሀይቅ ላይ ተቆርጦ የሚጣል መረብ ብዙ ነው፣ ያ ነጭ ቀጭን ናይለን ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ፕሮፔለሩ ሲያገኘው ይጠቀልለዋል፣ ክሩ እየተጠበቀ ወደ ውስጥ ይገባና የዘንጉን ኦይል ሲል፣ ማለት ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት፣ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ነገሩ በሁለቱም በኩል ነው፣ ስንሄድ እግሩ ውስጥ ያለው ዘይትና አየር ይሞቅና ዘይቱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ደርሰን ስናጠፋው ደሞ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሲበርድ አየሩ ይሰበሰብና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ለዛ ነው ጠዋት ጠዋት ሀይቁ ላይ ዘይት ያየሁት፣ እግሩ ውስጥ ደሞ ውሃ ያገኘሁት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥገና። የካቲት 16 የኪዳነ ምህረት ክብረ በዓል ቀርቦ ነበር፣ ያን ሰሞን ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት የሚሄደው ሰው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጀልባ ያለው ሰው የሚሰራው ያኔ ነው። ቸኮልኩ። ኦይል ሲሎቹን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመዴ በቁጥራቸው ፈልጎ በአውቶብስ ላከልኝ፣ እኔም የድሮዎቹን በካቻቢቴ ቦጭቄ አወጣሁ፣ አዲሶቹን በመዶሻ እየመታሁ አስገባሁ፣ ዘይት ሞላሁ፣ ወጣሁ። በዓሉን ሰራሁበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ማኪያቶው ተመልሶ መጣ።

ያኔ በጣም ተጨነቅኩ። ገንዘቡ እንዳለ ሆኖ፣ ከሰአት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ማእበሉ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ህጻን ያዘሉ እናቶችና ሽማግሌዎች ጭኜ መሀል ሀይቅ ላይ ማርሹ ቢሰበርብኝስ የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ። ከተማው ውስጥ ለብዙ ዘመን የጀልባ ሞተር ሲሰሩ የኖሩ አንድ አባት አሉ፣ አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዙም አይሰሩም፣ ሄድኩና "ጋሼ፣ አዲስ ሲል አስገብቼ ውሃ ይገባል፣ ሲሉ የውሸት ይሆን?" አልኳቸው። እሳቸው ሲሉን እንኳን ማየት አልፈለጉም። "ዘንጉን አየኸው?" አሉኝ። አላየሁትም። "ሂድ ፈተህ አምጣውና ጥፍርህን አስኪድበት ልጄ" አሉኝ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጊዜ በስርአት፣ ሙሉ እግሩን አወረድኩት። ሂደቱን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ስፈልግ በአማርኛ የጻፈ ሰው አላገኘሁም።

መጀመሪያ የሞተር ቁልፉ ይውጣ፣ የካንዴላ ገመዶቹም ይነቀሉ፣ ፕሮፔለር በእጅ ሲዞር የድሮ ሞተር ሊነሳ ይችላል፣ ጣት ይቆርጣል። ዘይቱን በጄሪካን አፍስሱት። እባካችሁ ሀይቁ ዳር አትድፉት፣ ውሃውን የሚጠጣው ሰው አለ፣ የሚጠመቅበትም አለ፣ አሳውም እኛው የምንበላው ነው። እኔ የተቃጠለ ዘይት ለአጣና ለሚቀቡ ሰዎች ነው የምሰጠው፣ ምስጥ ይከላከልላቸዋል። ቀጥሎ ማርሹን ከላይኛው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ አለ፣ መያዣ ዳዶውን ከማላላታችሁ በፊት የት ላይ እንደነበረ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ ስትገጥሙት ወደፊት ማርሹ በደንብ ሳይነክስ ይቀርና ጥርሱን ይበላዋል። ከዛ እግሩን የያዙትን ብሎኖች መፍታት ነው። አንዳንድ ሞተር ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ካለችው ትንሽ ክንፍ ስር የተደበቀ ብሎን አለ፣ እሱን ሳያዩ በመዶሻ እየደበደቡ አልሙኒየሙን የሰነጠቁ አሉ። ብሎን እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅላችሁ አስነክታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ትንሽ ወደ ማጥበቅ ትንሽ ወደ መፍታት እያላችሁ ነው የሚወጣው። ብሎኑ ብረት ነው ቤቱ አልሙኒየም ነው፣ አመታት አብረው ሲቆዩ ይጣበቃሉ፣ ጉልበት ከተጠቀማችሁ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይቀራል፣ ከዛ ቶርኖ ቤት ነው።

እግሩ ሲወርድ መጀመሪያ የምታገኙት የውሃ ፓምፑን ነው። ኢምፔለሩን አውጥታችሁ እዩት፣ ላስቲክ ነው፣ ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ከቀሩ ወይ ጫፋቸው ከተሰነጠቀ በቃ ይቀየር፣ ርካሽ እቃ ነው እና እዚህ ድረስ ወርዳችሁ አሮጌውን መመለስ አያዋጣም። ጣና ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ጭቃ ይዘው ስለሚገቡበት ውሃው አሸዋ አለው፣ ኢምፔለሩንም የሚሽከረከርበትንም ቤት እንደ ሞረድ ይበላል። እምቦጭ ባለበት በኩል የምትሄዱ ደሞ ውሃ መሳቢያ ቀዳዳዎቹ በስሩ ይደፈናሉ፣ በየጊዜው አጽዱ። ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያዝባት ትንሽ ቁልፍ ብረት አለች፣ ስታወጡት ትወድቃለች፣ ከስር ጨርቅ አንጥፉ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ኢምፔለሩን ግራሶ ቀብታችሁ ዘንጉን በሰአት አቅጣጫ እያዞራችሁ ክዳኑን ወደ ታች ተጫኑት፣ ክንፎቹ በትክክለኛው በኩል እየታጠፉ ይገባሉ።

አሁን ወደ ዋናው። የፕሮፔለር ዘንጉንና ኩሽኔታውን የያዘው ክብ ቤት ከኋላ በኩል ይወጣል፣ ሲሎቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። ይሄ ነው አስቸጋሪው። ለሱ የተሰራ መንቀያ አለ፣ እኔ ግን ብየዳ ቤት ሄጄ ወፍራም ላሜራ ላይ ሁለት ቀዳዳ አስበስቼ፣ ሁለት ረጅም ብሎን አስገብቼ መንቀያ አሰራሁ፣ ዘንጉን እየተደገፈ ቀስ እያለ ይስባል። ካልወጣ ውጪውን በፈላ ውሃ ማሞቅ ነው፣ አልሙኒየም ቶሎ ይለጠጣል። በእሳት አታሙቁት፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ያው ይዝጋል፣ ቤቱም ሊጣመም ይችላል። ሲወጣ ከኋላው ስስ ቀለበቶች ይኖራሉ፣ ሺም የሚባሉት፣ ማርሾቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚነካከሱ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የአንዷ ሺም ውፍረት እንደ ወረቀት ስለሆነች ብዙ ሰው ዋጋ አይሰጣትም። ከየትኛው በኩል እንደወጣች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በየላስቲኩ አስቀምጡ፣ እኔ እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አነሳ ነበር፣ ያ ፎቶ ባይኖር አልገጥመውም ነበር።

ዘንጉን በነጭ ጋዝ አጥቤ አድርቄ ጋሼ እንዳሉኝ የሲሉ ከንፈር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍሬን ቀስ ብዬ አስኬድኩት። ቀጭ አለ። በአይን የሚያብረቀርቅ መስመር ነው የሚመስለው፣ በጥፍር ግን ቦይ ነው። ለአመታት ሲሉና በመሀሉ የገባው አሸዋ ብረቱን ቆፍረውታል። አዲስ ሲል ስታስገቡ ከንፈሩ ያቺ ቦይ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሙሉ በሙሉ አይነካትም፣ ውሃው በዛች በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ጥገናዬ የከሸፈው ለዚህ ነው፣ ሲሉ ምንም አላጠፋም።

ለዚህ መፍትሄው ከአንድ በላይ ነው። አዲስ ዘንግ ማስመጣት አንዱ ነው፣ የኔ አቅም አልፈቀደም። ሁለተኛው በጣም ስስ የማይዝግ ብረት ቀፎ ዘንጉ ላይ ማጥለቅ ነው፣ ለመኪናም የሚጠቀሙበት አለ፣ ልኩ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ እኔ ልኩን አላገኘሁም። ሶስተኛው ቶርኖ ቤት በብየዳ ሞልቶ መልሶ ማስላጥ ነው፣ እሱን አልመክርም፣ ብየዳው ዘንጉን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ዘንግ ደሞ እያወዛወዘ ማንኛውንም ሲል በሳምንት ይጨርሳል። እኔ ያደረግኩት አራተኛውን ነው፣ ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ፣ ሲሎቹን ከድሮው ቦታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አጥልቆ ማስገባት፣ ከንፈሩ ከቦይው አልፎ ያልተነካ ብረት ላይ ያርፋል። ቦታ ካለ ነው ይሄ የሚሆነው፣ ከውስጥ ኩሽኔታውን የሚነካ ወይ የዘይት መተላለፊያ የሚደፍን ከሆነ አይቻልም፣ አስቀድማችሁ ለኩ። ከዛ በፊት ግን ዘንጉ ቀጥ ያለ መሆኑን አረጋግጡ፣ ሁለት የተቆረጠ እንጨት ላይ አስተኝታችሁ፣ አንድ ቀጭን ሽቦ ጫፉ ጋ ሊነካው ሲል አቁማችሁ፣ ዘንጉን አዙሩት፣ በሽቦውና በዘንጉ መሀል ያለው ክፍተት አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ካለ ተጣሟል ማለት ነው።

ሲሉን በተመለከተ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የድሮዎቹን ከማውጣታችሁ በፊት ከንፈራቸው ወደየት እንደሚያይ ፎቶ አንሱ። በኔ ሞተር ሁለቱም ወደ ፕሮፔለሩ ነበር የሚያዩት፣ ሌላ ሞተር ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይገባሉ፣ በግምት አይደለም። ሁለተኛ፣ ልኩ ስለገጠመ ብቻ ማንኛውንም የመኪና ሲል አታስገቡ፣ ከንፈሩን ጨምቆ የሚይዘው ጥምዝ ሽቦ ተራ ብረት ከሆነ ውሃ ውስጥ ዝጎ ይበጠሳል፣ የማይዝግ መሆኑን ጠይቁ። ማስገባቱም በቀጥታ መዶሻ አይደለም፣ እንደኔ የመጀመሪያ ጊዜ ዘሞ ይገባል። የሲሉን ጠርዝ የሚያክል የቧንቧ ቁራጭ ፈልጋችሁ፣ በሱ ላይ ቀስ እያላችሁ በሞርሳ ተጫኑት። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡ፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ሹል ጥርስ በስስ ላስቲክ ሸፍናችሁ አሳልፉት፣ አለዚያ ስትገጥሙት ራሳችሁ ትቆርጡታላችሁ። ኩሽኔታውን በእጃችሁ አዙራችሁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አብሮ ይቀየር፣ ጎኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ በዛ ቁጥር የትም ኩሽኔታ መሸጫ ይገኛል።

አሁን የምነግራችሁን ግን እባካችሁ አትዝለሉት። ሁሉም ነገር ተገጥሞ፣ ዘይት ከመግባቱ በፊት፣ እግሩ በአየር ይፈተሽ። ባህር ዳር ሳይክል የማይነዳ የለ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ ላይ ቫልቩን ቆርጬ የላይኛውን የዘይት ብሎን በሚያክል ብሎን ላይ አስበየድኩት፣ እሱን አጠበቅኩና በሳይክል መንፊያ ነፋሁት። ብዙ አይደለም፣ 10 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃል፣ ለስላሳ የሳይክል ጎማ ያህል ማለት ነው። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር እንዳትነፉት፣ አዲሱን ሲል ከቤቱ ገፍቶ ያወጣዋል። ከዛ እግሩን ውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ከተታችሁ አረፋ መፈለግ ነው። ዝም ብሎ ቆሞ ሳይሆን ዘንጉን በሁለቱም በኩል እያዞራችሁ፣ የማርሽ ዘንጉንም እያንቀሳቀሳችሁ። የኔ መጀመሪያ ላይ አረፋ አወጣ፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ከሲሉ አይደለም፣ ከማፍሰሻ ብሎኑ ነው። የብሎኑ ጋስኬት የድሮው ነበር፣ ጠፍጥፎ አልቋል። ሁለቱንም ቀየርኳቸው፣ ደግሜ ነፋሁት፣ ጸጥ። ያን ፈተና ባላደርግ ኖሮ ያን ሁሉ ለፍቼ በአንድ ብጣሽ ጋስኬት ምክንያት ውሃው ተመልሶ ይገባ ነበር፣ እኔም ዘንጉን እረግም ነበር።

ዘይቱን ከላይ እንዳትሞሉት፣ አየር ታፍኖ ይቀርና የሞላ ይመስላል። 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው፣ ከታችኛው ቀዳዳ በግፊት ይገባል፣ አየሩ በላይኛው ይወጣል፣ ላይኛው ቀዳዳ ጋ አረፋ የሌለው ዘይት መፍሰስ ሲጀምር መጀመሪያ የላይኛውን ብሎን ዝጉ፣ ከዛ የታችኛውን። የላይኛው ከተዘጋ ታችኛውን እስክትዘጉ ዘይቱ ቶሎ አይፈስም። መግፊያ ፓምፕ ከሌላችሁ ትልቅ የከብት መርፌ ላይ ቱቦ ሰክታችሁ መስራት ይቻላል፣ እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ጠቅላላው ግማሽ ሊትር አይሞላም።

እግሩን ስትመልሱ የላይኛው ዘንግ ጥርሱ ወደ ሞተሩ አልገባ ካለ ፕሮፔለሩን ትንሽ ዞር ማድረግ እንጂ በብሎን መሳብ አይደለም። ጥርሶቹን ግራሶ ቀቡ፣ የዘንጉን አናት ግን አትቀቡ፣ ግራሶው ታፍኖ ሙሉ በሙሉ እንዳይገባ ያደርገዋል። በፕሮፔለሩና በቤቱ መሀል ያለችው ወፍራም ቀለበት በትክክለኛው ጎኗ መግባቷን እዩ፣ እሷ ከሌለች ፕሮፔለሩ ወደፊት ሄዶ ቤቱን ይፈጫል። የዳዶው ፒን አዲስ ይሁን። ከዛ በርሜል ውስጥ አስነሱትና ከጎን የሚተፋው ውሃ መምጣቱን ሳታዩ ሀይቅ እንዳትገቡ፣ ካልተፋ ወዲያው አጥፉት።

አሁን እንዴት ነው የምይዘው ላላችሁ፣ መመሪያው ላይ የማርሽ ዘይት በየ100 ሰአቱ ወይ በየ6 ወሩ ይላል፣ ሰው ይሄን "6 ወር" ብቻ ያነባል። በቀን አራት ሰአት የሚሰራ ጀልባ 100 ሰአቱን በ25 ቀን ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ እኔ በየወሩ እቀይራለሁ፣ መረብ መምታቴን ካወቅኩ ደሞ በዛው ቀን ማታ ፕሮፔለሩን አወልቃለሁ፣ አስር ደቂቃ ነው፣ ረዳቴም አሁን ብቻውን ይሰራዋል። ባለፈው ሳምንት ከዘጌ ስንመለስ እሱ ራሱ ዳዶውን ፈትቶ ክንዴን የሚያክል ክር አወጣና አሳየኝ፣ ገና ሲሉ ጋ አልደረሰም ነበር። በማግስቱ ጠዋት የታችኛውን ብሎን ላላ አድርገን አየነው፣ የወጣው ዘይት ነው፣ ጠቆር ያለ ንጹህ ዘይት።